ቤቱን የሠራው እንግዳ

ከሐይቅ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ ከውሃው ዳር በቆመ የድንጋይ ቤት ውስጥ ለአምስት ዓመት እንግዳ ስቀበል ኖሬያለሁ። በወረቀት ላይ ስሜ «ጠባቂ» ይባል ነበር እንጂ ዘበኛ አልነበርኩም። ሥራዬ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቅዳሜና እሑድን ሊያርፉ የሚመጡ ሰዎችን ተቀብሎ ቤቱን መክፈት፣ አንሶላ ማንጠፍ፣ ዓሣ መጥበስ፣ ሲሄዱም ጠርጎ መዝጋት ነበር። ቤቱ የገበሬ ማኅበራችን ነው፤ ማኅበሩ ያከራየዋል። ከዚያ በፊት የአንድ የደሴ ሹም ነበር። ከዚያም በፊት እዚያ ቦታ ላይ የድንጋይ ቤት አልነበረም። የአባቴ ጎጆና የማሽላ ማሳው ነበር።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሹሙ ከወኪሉ ጋር በበቅሎ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። መሬቱ የእሱ ነው፤ አባቴ ጭሰኛው ነው። ሐይቁን ሲያይ ቆየና ብዙም ሳይናገር ሄደ። በሳምንቱ ወኪሉ ብቻውን ተመልሶ መጣና ጌታው የእረፍት ቤት ሊሠሩበት ስለሆነ ክረምት ሳይገባ ጎጆአችሁን አንሡ አለን። በምትኩ ከላይ ከተረተሩ ላይ ድንጋያማ ቦታ ተሰጠን። አባቴ የገዛ ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ ምሰሶውንና ማገሩን በትከሻው ሽቅብ አወጣ። ጣሪያው ተከድኖ ሳያልቅ ዝናቡ ቀደመው። እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ ግማሽ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ በሐምሌ ወለደች። ሕፃኑ ሰባት ቀን ኖረ። እናቴም ከዚያ ወዲያ ጤና አላየችም፤ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። አባቴ ስለዚህ ነገር አያወራም ነበር። ሰው ካነሣበት «አላህ ያሻው ሆነ» ይልና ወሬውን ወደ ከብቱ ወይ ወደ ዝናቡ ያዞረዋል።

አብዮቱ መጥቶ መሬት ለአራሹ ሲባል ሹሙ ደሴ ላይ ታሰረ። ቤቱ ተዘግቶ ከረመ፤ ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሆነ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። በኋላ ማኅበሩ ቤቱን ለእንግዳ ማከራየት ሲያስብ ጠባቂ አስፈለገ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ማንበብና መጻፍ የምትችል ንጹሕ ሴት ትሁን፣ መሬቱም የአባቷ ነበር ብሎ እኔን አስመረጠኝ። ባሌ በዚያን ጊዜ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ የለም፣ መርዶም የለም። የምኖረው ከአባቴና ከወንድሜ ጋር ነው። ሥራውን ተቀበልኩ።

እንግዳ መቀበል ለእኛ ለወሎ ሰዎች የሚማሩት ነገር አይመስለንም ነበር። የተከራየ እንግዳ ግን ሌላ መሆኑን ያወቅሁት ቀስ ብዬ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቼ ሁለት አስተማሪዎችና ሚስቶቻቸው ነበሩ። እንደ ቤታችን ወግ ውሃ አስታጥቤ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠይቄ፣ ምግብ አቅርቤ፣ እንግዳ ብቻውን አይተውም ብዬ አብሬያቸው ሳሎን ተቀመጥኩ። ወሬ ሲያልቅባቸው እኔ አመጣሁ። በመጨረሻ አንደኛዋ ሚስት «እህቴ፣ አንቺም ደክሞሻል፤ ሂጂና እረፊ» አለችኝ። አብሽሪ፣ አልደከመኝም አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጡትም እንዲሁ ሲሉኝ ነው የገባኝ፤ ሰዎቹ ከደሴ ድረስ የሚመጡት ብቻቸውን ለመሆን ነው። እንግዳን ብቻውን ትቶ መሄድ ለእኔ ነውር ነበርና ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ቆይቼ ግን ቁልፉን ሰጥቼ፣ ምንጩንና መጸዳጃውን አሳይቼ፣ ፋኖሱን ሞልቼ ዞር ማለትን ለመድኩ።

የምግቡ ነገር ቀላል ነበር። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላሙም የክርስቲያን አይበላም፤ ዓሣ ግን ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። ጠዋት ከታንኳ የወረደ ቆሮሶ በሎሚና በበርበሬ አሽቼ ስጠብስ ቄሱም ሼሁም ቢመጣ አንድ ትሪ ይበቃል። አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር፣ ከነሚስቱ በየወሩ የሚመጣ፤ ውሃ ስለሚፈራ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ለምን ትመጣለህ ብዬ ብጠይቀው ሚስቴ ስለምትወደው ነው አለኝ። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሥራውን አስወደዱኝ።

የማልወደው መዝገቡን ነበር። ያደረ ሁሉ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣም ይጻፋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጥቶ ያየዋል። በዚያ ዘመን ፀጉረ ልውጥ ሰው አድሮ ሳይመዘገብ ቢቀር ጠያቂው ብዙ ነው፤ ስለዚህ እኔም አንድ ቀን አልዘለልኩም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ በጥቅምት፣ አንዲት ወጣት ሴት ረቡዕ ዕለት ብቻዋን በአውቶቡስ መጥታ ቤቱን ለዓርብና ለቅዳሜ ያዘች። ነርስ ነኝ አለች። የሚመጡት እናቷና አንድ ታማሚ ዘመዳቸው እንደሆኑ ነግራኝ መኪና እስከ በሩ ይገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ቤቱን ዞሮ ሳያይ አይከራይም፤ እሷ ግን ከበረንዳው አላለፈችም። በእናቷ ስም ያዙልኝ ብላ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኮንትራት መኪና መጡ። ልጅቷ ቀድማ ወረደች፣ ቀጥሎ ነጠላ ያጣፋች ደርባባ እናት፣ ከዚያ ሁለቱ ደግፈው አንድ ረጅም ሽማግሌ አወረዱ። ኮቱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ለሁሉም እንደምለው «መርሃባ፣ ደህና መጣችሁ፤ ቤቱ የእናንተ ነው» አልኳቸው። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ያኔ ከጉዞው ድካም መስሎኝ ነበር።

በሳሎኑ ወደ ሐይቁ የሚያይ ትልቅ መስኮት አለ። መቀርቀሪያው የከፋ ነው፤ ቀና አድርገው አንሥተው ካልገፉት አይከፈትም፤ ስለዚህ እንግዳ ሁሉ ሲታገለው ቆይቶ እኔን ይጠራል። ሽማግሌው ግድግዳውን እየተደገፈ ሄደና መቀርቀሪያውን አንሥቶ ገፋው። ተከፈተ። ከዚያ ወደ ውጭ እያየ «የሎሚው ዛፍ ደረቀ እንዴ?» አለ። የሎሚው ዛፍ እኔ ሥራውን ከመያዜ በፊት የተቆረጠ ነው። ሴትየዋ ፈጠን ብላ ሌላ ቦታ መስሎት ነው፣ ሕመሙ ነው የሚያናግረው አለችኝ። እኔ ግን ፊቱን አየሁት። ወፍራም የነበረው ሰው ከስቷል፣ ከበቅሎ ላይ የነበረው ሰው በሰው ክንድ ቆሟል፤ አፍንጫውና ቅንድቡ ግን ያው ናቸው። 

መዝገቡን አመጣሁ። የእናትና የልጅ ስም ጻፍኩ። ልጅቷ የአባቷን ስም ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የአያቷን ስም ሳልጠይቅ ታማሚው ማን ይባላሉ አልኩ።  ልጅቷ ዘመድ ብለሽ ጻፊው አለችኝ፤ መዝገቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቀበልም አልኳት። ያኔ ሴትየዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ ወደ ማድ ቤት እንሂድ አለችኝ።

ማድ ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። በሩን ገጠም አድርጋ ቆመችና ነገረችኝ። ባሏ ነው። ይህን ቤት ያሠራው እሱ ነው። ሰባት ዓመት ታስሮ ባለፈው ዓመት ተፈቷል፤ ሐኪሞቹ ሆዱ ውስጥ ያለው ሕመም እንደማይድን ነግረዋቸዋል። ምን ላምጣልህ ብትለው ምግብም አላለ፣ ጠበልም አላለ፤ ሐይቁን አንድ ጊዜ ልየው አለ። ቤቱ እንደሚከራይ ልጅቷ ከሆስፒታል ጓደኞቿ ሰማች። ሙሉ ስሙ መዝገብ ላይ ከገባ ግን ለምን መጣ፣ ንብረቱን ሊጠይቅ ነው፣ ሕዝብ ሊቀሰቅስ ነው ይባላል፤ ተመልሶ ይታሰራል ብላ ትፈራለች።

«አውቄዋለሁ» አልኳት። «ቤቱ ሳይሠራ እዚህ የነበሩትን ሰዎችስ ያውቋቸዋል?»

ሴትየዋ አልገባትም። «ሰው ነበረ እንዴ? ቦታው ባዶ ነበር ብሎኛል።»

«ሰው ነበረበት። እኛ ነበርን።»

ከማገዶው ክምር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እናትሽ አሉ ወይ አለችኝ። የሉም አልኳት፤ እንዴት እንደሞተችም ነገርኳት። ያንን ለሌላ ሰው ከአፌ አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደሆነ እንጃ፣ ልጅቷ ከበረንዳው ወደ ማድ ቤቱ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሴትየዋ ተነሣችና ነጠላዋን አስተካክላ «እንግዲያ እንሄዳለን» አለች። «መኪናው ሳይርቅ ልጅቷ ሮጣ ትጥራው።»

አትሂዱ ለማለት የቸኮልኩ አይምሰላችሁ። ቢሄዱ እወድ ነበር። ሽማግሌውን ዳግመኛ ማየት አልፈለግሁም። ግን ያቺን ሴት ሳያት ሰባት ዓመት የእስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዛ የቆመች ሴት ናት። እኔም የምጠብቀው ሰው አለኝ፤ መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መኪናውም ርቆ ነበር።

«ዓሣው ጸድቷል» አልኳት። «ይብሉና ነገ የሚሆነውን እናያለን።»

መዝገቡ ላይ «አንድ ታማሚ ዘመድ» ብዬ ጻፍኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ወጣሁ። አባቴ ከደጅ ተቀምጦ የማሽላ እሸት ይፈለፍል ነበር። ሳልቆይ ነገርኩት። መፈልፈሉን አላቆመም። ምን ሊያይ መጣ አለኝ። ሐይቁን አልኩት። ታሟል ወይ አለ፤ ሞቱ ቅርብ ነው አልኩት። ከዚያ መግሪብ ሰግዶ ተኛ። እኔ ግን ስገላበጥ አደርኩ። ለሊቀመንበሩ ሳልናገር በመቅረቴ አባቴን ራሱን ችግር ውስጥ የከተትኩት መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሳቸውን ላቀርብ ስወርድ ሴትየዋ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። ሌሊቱን ጠይቃዋለች። አልካደም። ሰዎች መኖራቸውን አውቅ ነበር፣ ምትክ መሬት ስጣቸው ብዬ ወኪሉን አዝዤ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ያ በቂ ይመስለኝ ነበር ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ለእሱ እየተሟገተች አልነበረም፤ ራሷም እንዴት እንደምትሰማው ያላወቀች ትመስል ነበር።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ ሳለ አባቴ በአጥሩ በኩል መጣ። የጁምዓ ልብሱን ለብሷል፤ ነጭ ቆቡን አድርጓል። ብትሩን ይዟል።  አባቴ በሕይወቱ ሰው መትቶ አያውቅም፤ ግን ያቺን ሰዓት ምን እንደሚሠራ የማውቅ አልመሰለኝም። ሽማግሌው አየው። ማን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ግን አወቀ። ለመነሣት ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለው።

«እንደምን አደሩ?» አለ፣ በአንቱታ።

አባቴ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ቆመ። «ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ» አለው። «ዛሬም አንተ በለኝ። እኔም አንተ እልሃለሁ። ዕድሜያችን አንድ ነው፣ እንዲህ ይሻላል።»

ከዚያ ወጥቶ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ያወሩት ሁለት ሽማግሌዎች ሲገናኙ የሚያወሩትን ነው። የዘንድሮ ዝናብ እንዴት ነበር፣ ማሽላው እንዴት ነው፣ ሕመሙ የት ጋ ነው የሚብሰው። እኔና ሴትየዋ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ከሐይቁ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ተደወለ፤ ሽማግሌው አማተበና እጁን ዘርግቶ ከአጥሩ አጠገብ ያለውን ቦታ አሳየ።

«ጎጆህ እዚያ ጋ ነበር አይደል?»

«አይደለም» አለ አባቴ። «ከሾላው ሥር ነበር። በሩ ወደ ውሃው ነበር የሚያየው።»

«እኔ እዚያ ጋ ይመስለኝ ነበር።»

«አንተ ከበቅሎህ አልወረድክም። ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ጎጆ ሁሉ አንድ ነው።»

 ሽማግሌው ወደ አባቴ ሳይዞር ይቅር በለኝ አለው። ድምፁ ከአንገቱ አልወጣም ነበር፤ አባቴ ጆሮው ስለሚከብደው ምን አልክ አለውና ደግሞ አለው። ይህንን ሁለት ጊዜ መናገሩ ከበደው፤ አየሁት።

አባቴ ብትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «የራሴን አውፍ ብዬሃለሁ» አለው። «ዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል። እሱን ተሸክሜ ማረስ አልቻልኩም። የሚስቴንና የሕፃኑን ግን እኔ አውፍ ልልልህ አልችልም። የእነሱ ነው። እሱን ከፈጣሪህ ጋር ተነጋገር።»

«ሕፃን?» አለ ሽማግሌው።

አባቴ ነገረው። አላስረዘመውም። ሐምሌ መሆኑን፣ ጣሪያው ምን ያህል እንደቀረ፣ ሰባት ቀን መኖሩን፣ ስም ሊያወጡለት በተሰናዱበት ቀን ማለዳ መሞቱን ነገረው። ስም ሊያወጡለት እንደነበረ እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሽማግሌው የብርድ ልብሱን ጫፍ ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ልጅቷ ከበረንዳው ወርዳ ወደ ሾላው ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ማንም አልተከተላትም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። ምሳ ሳቀርብ ከሽማግሌው ጋር በአንድ ትሪ ቀረበ፤ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየ አጎረሰው። እኔ በዚህ ተናደድኩ። ማድ ቤት ገብቼ ድስቱን አለመጠን ፈተግሁት። አባቴ ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ ይህንን ያህል ማጉረስ ምን አስፈለገ አልኩት። የታመመ ሰው ብቻውን አይበላም አለኝና ውሃውን ጠጥቶ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ መጣ።  የዚህ ሰው አባትም የሹሙ ጭሰኛ ነበር፤ እሱ ራሱም የሹሙን በቅሎ ሲጎትት ያደገ ነው፤ ከእኔ ይልቅ አብልጦ ያውቀዋል። በረንዳው ላይ ደርሶ ሁሉንም ሰላም አለና ዓይኑ ሽማግሌው ላይ ቀረ።  ሴትየዋ ነጠላዋን በጣቷ ትጠመዝዛለች። ሊቀመንበሩ መዝገቡን አምጪ አለኝ። አመጣሁ። እስከ መጨረሻው መሥመር አነበበ።

«አንድ ታማሚ ዘመድ ይላል» አለ። «የማን ዘመድ ነው?»

«የእኔ» አለ አባቴ።

ሊቀመንበሩ አባቴን አየው። አባቴም አየው። እሱ አባቴን እንደ አባቱ ነው የሚያከብረው፤ የሞተው አባቱ በተቀበረ ቀን ጉድጓዱን የቆፈረው አባቴ ነው። ግን ደግሞ ሊቀመንበር ነው፤ ከበላዩ ያለው ሰው ቢጠይቀው መልስ ያስፈልገዋል። መዝገቡን ዘጋና ለእኔ ሰጠኝ። መቼ ነው የሚመለሱት አለ። ነገ ጠዋት አልኩት። በዋናው መንገድ ሳይሆን በላይኛው በኩል ቢሄዱ መንገዱ ለታማሚ ይመቻል አለ። የላይኛው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ማንም ታማሚ የሚወስድበት አይደለም። በከተማው መሐል እንዳያልፉ ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ውሃ ስጡኝ ብሎ ቆሞ ጠጣ። ሲሄድ ሽማግሌውን «እግዜር ይማርዎ» አለው። ሽማግሌው አንገቱን ዝቅ አደረገ።

እሑድ በማለዳ ስወርድ ሴትየዋን ከሐይቁ ዳር አገኘኋት። አንሶላዎቹን ይዛ ወርዳ ታጥባለች። በአምስት ዓመት ውስጥ የተኛበትን አንሶላ ያጠበ እንግዳ አላየሁም። ይተዉት፣ የእኔ ሥራ ነው ብላት እምቢ አለች። ልብሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ አጠብኩ፤ በሁለት በኩል ይዘን ጠመዘዝነው። ስለ ባሌ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ይመጣል አላለችኝም። ይህን ስላላለችኝ ወደድኳት፤ ሰው ሁሉ ይመጣል እያለኝ ሰልችቶኝ ነበርና።

መኪናው መጣ። ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አናገረኝ። ቤቱን ደህና አድርገሽ ይዘሽዋል አለኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ ተናደድኩ። የማኅበሩ ነው አልኩት። አዎ፣ የማኅበሩ ነው አለ። በላይኛው መንገድ ሄዱ።

በጥር ልጅቷ ብቻዋን መጥታ መሞቱን ነገረችን። አባቴ ቤት ውስጥ ነበር። እንደ ልማዳችን ከአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሽ ነን አለና በመጨረሻው ሰዓት ስቃይ ነበረበት ወይ ብሎ ጠየቃት። ነበረበት አለች፤ አልዋሸችውም። አብራን ምሳ በልታ፣ እኔ እስከ አውቶቡሱ ሸኝቻት ተመለስኩ። ወንድሜ ግን ያን ቀን ከማሳ አልመጣም። የዚያ ሰው ልጅ ከተቀመጠችበት መደብ ላይ አልቀመጥም ብሎ እስክትሄድ ቆየ። አባቴ አልተቆጣውም። እኔም አልፈረድኩበትም።

ስለዚያ ቅዳሜ ማንም ጠይቆን አያውቅም። መዝገቡ ሞልቶ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ተወሰደ፣ አዲስ ተሰጠኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ድርቁ መጣ። እንግዳ ቀረ። ማን በዚያ ዓመት ወደ ወሎ ለእረፍት ይመጣል? ከአምባሰል በኩል፣ ከውጫሌም በታች ካለው ቆላ የተፈናቀሉ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ማኅበሩ ቤቱን ለታመሙ ሕፃናት ሰጠ፤ እኔም ከእንግዳ ጠባቂነት ወደ ውሃ አፍይነት ተዛወርኩ። በየክፍሉ እናቶች ከነልጆቻቸው ወለሉ ላይ ተኝተው ነበር። አንሶላዎቹን ቀድደን መጠቅለያ አደረግናቸው። መርሃባ ማለትን አፌ አልተወም ነበር፤ ለሚገባው ሁሉ እላለሁ፣ የሚመልስልኝ ጥቂት ነበር።

ነርሷ ከደሴ በመጣ የሕክምና ቡድን ውስጥ ሆና ዘጠኝ ቀን እዚያው ሠራች። ስለ አባቶቻችን አንድም ቀን አላወራንም። እኔ ውሃ አፈላለሁ፣ እሷ ስኳርና ጨው ቀምማ ለሕፃናቱ በማንኪያ ትሰጣለች። የዳኑ ነበሩ፣ ያልዳኑም ነበሩ። ልትሄድ ስትል የባልሽ ወሬ ተሰማ ወይ አለችኝ። አልተሰማም አልኳት። ስሙን ከነአባቱ፣ የዘመተበትን ጊዜና ከማን ጋር እንደሄደ በወረቀት ጻፈች። ከሰሜን የመጡ ቁስለኞች ደሴ ሆስፒታል ስለሚተኙ ከመዝገባቸው አያለሁ፣ ከራሳቸውም እጠይቃለሁ አለችኝ።

ቃሏን ጠበቀች። በሦስተኛው ወር በአንድ ሾፌር እጅ ደብዳቤ ላከችልኝ። ከቁስለኞቹም ከሞቱትም መሐል ስሙ አልተገኘም፤ አብሮት ዘምቻለሁ ያለ አንድ ሰው አግኝታ ነበር፣ እሱም ከሁለተኛው ዓመት በኋላ እንዳላየው ነግሯታል። ይህን ሰው ለማግኘት ሦስት ጊዜ እንደተመላለሰች ከደብዳቤው ይታወቃል። ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩለት፤ የልጅቷን እጅ አላህ ይባርከው አለ።

ከዚያ በኋላ ባሌን ሁለት ዓመት ጠበቅሁት። ከዚያ መጠበቁን ተውኩ።